ስለ ጃፓን የጦር ሰይፎችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው አደራ



ስለ ጥንታዊ የጦር ዕቃ በሚደረገው በዚህ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ እንድናገር አዘጋጆቹ በጠሩኝ ጊዜ የነገሩን ምርጫ ለእኔ ስለ ተዉልኝ፣ ብዙ ዘመን ሳጠናውና ስወደው የኖርሁትን ጉዳይ፣ ይኸውም የጃፓን መኮንኖችና የበታች ሹሞች እስከ 1945 ድረስ በወገባቸው ይታጠቋቸው የነበሩትን ሰይፎች መሰብሰብ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ፣ በሰብሳቢውም ላይ ምን ዓይነት ግዴታ እንደሚጥል ላስረዳችሁ ወደድሁ።  የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ እነዚህ ሰይፎች እንዴት እንደ ተወለዱና እንዴት በዓለም ላይ እንደ ተበተኑ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ አንድ ሰይፍ በእጃችን ሲገባ እንዴት እንደሚነበብ አሳያለሁ፤ በመጨረሻም የሰብሳቢውን አደራ አነሣለሁ። ሦስቱን የሚያያይዛቸው ሐሳብ አንድ ነው፤ ደጋግሜም ስለማነሣው ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የጃፓን የጦር ሰይፍ በእጁ የገባለት ሰው ባለአደራ ነው፣ አደራውም ብረቱን ከዝገት ከመጠበቅ አልፎ፣ ብረቱ የያዘውን ምስክርነት ሳይፍቅና ሳይለውጥ ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገር ልግባ። መቅደላ በእንግሊዞች እጅ በወደቀችበትና ዐፄ ቴዎድሮስ ባረፉበት በ1868፣ በዚያው ዓመት በጃፓን ሾጉን የሚባሉት የጦር ገዢዎች መንግሥት ፈርሶ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሜጂ ተመለሰ፤ አዲሶቹም መሪዎች አገራቸውን ከአውሮጳ ኃያላን ጋር ለማስተካከል ሲሉ ሠራዊቱን፣ ትምህርቱን፣ ልብሱን ሳይቀር በፍጥነት መለወጥ ጀመሩ። በማርች 28 ቀን 1876 በወጣው ዐዋጅ፣ ከወታደሮች፣ ከፖሊሶችና የክብር ልብስ ከሚለብሱ ሹማምንት በቀር ማንም ሰው በአደባባይ ሰይፍ ታጥቆ እንዳይታይ ተከለከለ፤ ሁለት ሰይፍ መታጠቅ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የክብሩ ምልክት ሆኖለት የኖረው የሳሙራይ ወገንም ምልክቱን በአንድ ዐዋጅ ዐጣው። በዚህ የተነሣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የመጣው የቀጥቃጮች ጥበብ ገበያ ዐጥቶ፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ወደ ቢላዋና ወደ እርሻ መሣሪያ ሥራ ዞሩ።

አዲሱ ሠራዊት በመጀመሪያ የታጠቀው ሰይፍ በመልኩ የአውሮጳ ነበረ፤ ጣቶችን የሚከልል የናስ ቅስት ያለው እጀታና በብረት የተሠራ ሰገባ ነበረው። በ1904 እና በ1905 ራሺያን የተዋጋው ሠራዊት በዚህ መልክ ነው የታጠቀው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት ዘመን እንኳ በጃፓን መኮንኖች ወገብ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ገና ይኸው የአውሮጳ መልክ ያለው ሰይፍ ነበረ።

ብዙ ሳይቆይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሠራዊቱ በ1931 ማንቹሪያን ከወረረ በኋላ የወታደሩ ወገን በመንግሥቱ ላይ እየበረታ ሲሄድ፣ የአባቶች ሥርዓት ይመለስ የሚለውም ድምፅ አብሮት ሲጐላ፣ በ1934 የመኮንኖች ሰይፍ በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ፈረሰኞች ይታጠቁት በነበረው ሰይፍ አምሳል እንዲሆን ተደነገገ። የአውሮጳው ቅስት ቀረ፤ እጀታው በሸካራ የባሕር ዓሣ ቆዳ ተለብጦ በላዩ ጥብጣብ ተጠላልፎ ተጠመጠመበት፤ የእጅ መከለያውና ጌጡ ሁሉ በሳኩራ አበባ ምስል አሸበረቀ። ጃፓኖች በዚያ ጊዜ የመንግሥታቸውን ዘመን ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ጀምረው ይቈጥሩ ስለ ነበር 1934 በእነርሱ ዘንድ 2594 ነበረ፤ ስለዚህ ይህ ሰይፍ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኀዞች ይዞ «የ94 ዓይነት» ተባለ። በዚሁ ሥርዓት በ1935 ለበታች ሹሞች የወጣው «የ95 ዓይነት»፣ በ1938 ለመኮንኖች የወጣው ደግሞ «የ98 ዓይነት» ይባላል። ባሕር ኃይሉም በ1937 የራሱን ሰይፍ አወጣ፤ የባሕሩ ጨው እንዳይበላው ሲባል ብዙ ጊዜ ስለቱ ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ የመልሕቅ ማኅተም ይመታበት ነበር።

በመኮንኑና በበታች ሹሙ ሰይፍ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ። የበታች ሹሙ የሚታጠቀው መንግሥት የሚሰጠውን ነው፤ ይህም በመሣሪያ ፋብሪካ በብዛት የተሠራ፣ በስለቱ ላይ ተራ ቁጥር የተመታበት፣ እጀታው በመጀመሪያ ከመዳብ፣ በኋላም ብረታ ብረት ሲጠፋ ከአሉሚኒየም ቀልጦ ተቀርጾ የጥብጣብ ጥምጥም እንዲመስል ቀለም የተቀባ ነው። መኮንኑ ግን ሰይፉን በገዛ ገንዘቡ ይገዛ ወይም ከቤቱ ያመጣ ነበር። ከቤቱ ያመጣ እንደ ሆነ፣ በአያቶቹ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረውን ስለት አውጥቶ፣ ለዘመናዊው የጦር ልብስ የሚስማማ እጀታና ሰገባ አሠርቶለት ወደ ጦር ሜዳ ይዞት ይዘምታል። ስለዚህ የመቶ አለቃው ካኪና ቆዳ በለበሰ ተራ ሰገባ ውስጥ፣ አሜሪካ ገና በአውሮጳውያን ዘንድ ሳትታወቅ የተቀጠቀጠ ስለት ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል፤ ሰብሳቢን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ተስፋም ይህ ነው።

ስለ ስለቱ አሠራር ጥቂት ልናገር። በሺማኔ ምድር ከተራራው የሚታጠበውን ጥቁር የብረት አሸዋ ከከሰል ጋር በሸክላ እቶን ውስጥ ጨምረው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ ለብዙ ጊዜ ካነደዱት በኋላ እቶኑን አፍርሰው የሚያወጡት አረብ ብረት ታማሃጋኔ ይባላል። ቀጥቃጩ ይህን ብረት እያጋለና እያጠፈ፣ ደግሞም መልሶ እየቀጠቀጠ እድፉን ያወጣለታል፤ ከዚህም መተጣጠፍ የተነሣ በስለቱ ገጽ ላይ በተሰነጠቀ እንጨት ላይ እንደሚታየው ያለ ረቂቅ መስመር ይወለዳል። በመጨረሻ ስለቱን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በጀርባው በኩል ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በእሳት አግሎ በውሃ ውስጥ ባጠለቀው ጊዜ፣ ስስ ጭቃ የለበሰው ወገን ፈጥኖ ቀዝቅዞ እጅግ ይጠነክራል፣ ወፍራም የለበሰውም ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ልስላሴውን ይዞ ይቀራል፤ ሁለቱም በሚገናኙበት ድንበር ሐሞን የሚባለው ነጭ ሞገድ ይታያል። ሰይፉ እንዲቈርጥ የሚያደርገው ጥንካሬና እንዳይሰበር የሚያደርገው ልስላሴ በአንድ ብረት ውስጥ በዚህ መንገድ ታረቁ፤ ከሰው እጅ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

ጦርነቱ እየሰፋ ሲሄድ ይህ ጥበብ ለሠራዊቱ ፍላጎት ሊደርስለት አልቻለም። በ1933 በቶኪዮ በያሱኩኒ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የቀጥቃጮች ማኅበር ተቋቁሞ እስከ 1945 ድረስ ወደ 8,100 የሚሆኑ ሰይፎችን በጥንቱ ሥርዓት ሠራ፤ ለዚሁም ሲባል በሺማኔ የታማሃጋኔው እቶን እንደ ገና ተነሣ። ይህ ግን ለሚሊዮኑ ሠራዊት ጠብታ ነበር። ስለዚህ ቀሪው በጊፉ አውራጃ እንደሚገኘው እንደ ሴኪ ባሉ የስለት ከተሞች ከፋብሪካ ብረት ተቀጥቅጦ፣ ብዙ ጊዜም በውሃ ሳይሆን በዘይት ተጠልቆ በብዛት ወጣ። በማንቹሪያ የነበረው የባቡር ኩባንያም በዳይረን ከተማ ፋብሪካው ውስጥ የራሱን ሰይፍ ሠርቷል፤ የዚያ አገር ብርድ እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ ስለቱ እንዳይሰበር ለስላሳውን ብረት በጠንካራው ውስጥ አግብቶ የሚሠራበትን ዘዴ አበጅቶ ነበርና፣ ይህ ሰይፍ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋል።

በ1945 ጃፓን በተሸነፈች ጊዜ ሰይፎቹ ተሰበሰቡ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የነበሩት አዛዥ ሎርድ ማውንትባተን የጃፓን መኮንኖች ሰይፋቸውን በአደባባይ በእጃቸው እንዲያስረክቡ አዘዙ፤ የጃፓኑ ፊልድ ማርሻል ተራውቺም በኖቬምበር 30 ቀን 1945 በሳይጎን የገዛ ሰይፎቻቸውን አስረከቡ። የጃፓኑ ጄኔራል የያማሺታ ሰይፍ ዛሬ በአሜሪካ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ቤተ መዘክር ይገኛል። ስማቸው ያልታወቀው የመቶ አለቆችና የሻምበሎች ሰይፎች ደግሞ ባሕር ውስጥ ተጣሉ፣ በእቶን ቀለጡ፣ ወይም ወደ ቤታቸው በሚመለሱት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ወታደሮች ጓዝ ውስጥ ተጠቅልለው ሄዱ።

በጃፓን በራስዋ የደረሰው ከዚህ ይከፋል። የወራሪው ሠራዊት ትእዛዝ የጦር መሣሪያን ሁሉ ስላጠቃለለ፣ ከየቤቱና ከየቤተ መቅደሱ የጥንት ሰይፎች ጭምር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተጋዙ። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል በሳጋሚ ምድር የኖረው ታላቁ ቀጥቃጭ ማሳሙኔ የሠራውና ሆንጆ ማሳሙኔ የሚባለው ሰይፍ፣ የቶኩጋዋ ሾጉኖች ከትውልድ ወደ ትውልድ ያወረሱትና በ1939 የአገር ሀብት ተብሎ የተመዘገበው፣ በዲሴምበር 1945 ከሌሎች ሰይፎች ጋር ለሜጂሮ ፖሊስ ጣቢያ ተሰጠ፤ በጃንዩወሪ 1946 አንድ የውጭ አገር ወታደር ወሰደው ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሆንማ ጁንጂ የሚባሉ የሰይፍ ሊቅ ከስምንተኛው የአሜሪካ ሠራዊት መኮንን ከኮሎኔል ካድዌል ዘንድ ቀርበው፣ ጥበብ ያለበት ሰይፍ ከተራው የጦር መሣሪያ ተለይቶ መታየት እንደሚገባው አስረዱ፤ ኮሎኔሉም ሰሟቸው። በዚህ ምክንያት በአካባኔ መጋዘን ከተከማቹት ሰይፎች ከአምስት ሺህ የሚበልጡት ተመርጠው ወደ ቶኪዮ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ገቡ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በ1990ዎቹ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ፣ የቀሩትም ለሕዝብ ቤተ መዘክሮች ተከፋፈሉ። በ1948ም የሰይፉን ጥበብ የሚጠብቅ ማኅበር ተመሠረተ፤ ያ ማኅበር ለያሱኩኒ ሰይፎች ብረት ይወጣበት በነበረው ቦታ በሺማኔ በ1977 እቶኑን መልሶ አንድዶ፣ ዛሬም ለሕያዋን ቀጥቃጮች ታማሃጋኔ ያወጣል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ከመሻገሬ በፊት ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ፤ ለመሰብሰብ ሥራ ትርጉም የሚሰጠው እርሱ ነውና። በጃፓን ሕግ መሠረት አንድ ሰይፍ በአገሩ ውስጥ ሊኖር የሚችለው በጥንቱ ሥርዓት ተቀጥቅጦ የጥበብ ዋጋ ያለው መሆኑ ተመርምሮ ሲመዘገብ ነው። በፋብሪካ የተሠራው የበታች ሹሙ ሰይፍ፣ ከተራ ብረት በዘይት የተጠለቀው የሴኪ ሰይፍ፣ እነዚህ ምዝገባ አያገኙም፤ በቤት ውስጥ የተገኙም እንደ ሆነ ለፖሊስ ተሰጥተው ይጠፋሉ። እንግዲህ የጃፓን ገበሬ ልጅ፣ በማዕረግ ዐሥር አለቃ የሆነው፣ በጓዳልካናል ወይም በበርማ ጫካ የታጠቀው ሰይፍ በወላጅ አገሩ ሕይወት የለውም፤ የሚኖረው በካንሳስ ወይም በሜልበርን ባለ አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ነው። የታላላቆቹ ቀጥቃጮች ሥራ በአገሩ ጠባቂ አለው፤ የተራው ወታደር ሰይፍ ግን ከውጭ አገር ሰብሳቢ በቀር ጠባቂ የለውም። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን ንቀው የጥንቱን ብቻ ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን እንደ ታሪክ ምስክር የ95ቱን ዓይነት ከብዙ የተዋበ ሰይፍ አብልጬ አየዋለሁ።

አሁን ሁለተኛውን ነገር፣ ሰይፉ እንዴት እንደሚነበብ ላሳያችሁ።

የመኮንን ሰይፍ እጀታ ከስለቱ ጋር የሚያያዘው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር፣ አንዳንድ ጊዜም በሁለት ነው። ችንካሩ በቀስታ ሲገፋ እጀታው ይወልቃል፤ በውስጡም የተሸሸገው የብረት ጭራ ይገለጣል። አድማጮቼ፣ የሰይፉ እውነት ያለው በዚህ ጭራ ላይ ነው። የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ ሥራውን በፈጸመ ጊዜ በመጨረሻው ቅጠል ስሙንና ዘመኑን ጽፎ ለነፍሱ ጸሎት እንደሚለምን፣ ቀጥቃጩም በጭራው በአንደኛው ገጽ ስሙንና አገሩን፣ በሁለተኛው ገጽ ዘመኑን ይቀርጻል። ዘመኑ ሾዋ የተባለው የንጉሠ ነገሥት ዘመን ከሆነ ንባቡ ቀላል ነው፤ በተጻፈው አኀዝ ላይ 1925 ትደምሩበታላችሁ፣ ስለዚህ የሾዋ 17ኛ ዓመት 1942 ይሆናል። ከስሙም አጠገብ ትናንሽ ማኅተሞች ይገኛሉ፤ የኮከብ ማኅተም ቀጥቃጩ ለጦር ሠራዊቱ በጥንቱ ሥርዓት ከታማሃጋኔ እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑን ሲያመለክት፣ የሴኪ ማኅተም ወይም ሾዋ የሚል ማኅተም ግን ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ስለቱ በጦርነቱ አቋራጭ ዘዴ የተሠራ መሆኑን ነው።

ጭራው ላይ ያለው ዝገት ከጽሕፈቱ ይልቅ ይናገራል። የብዙ መቶ ዓመት ዝገት ጥቁር፣ ረቂቅና እኩል የተዘረጋ ነው፤ የጦርነቱ ዘመን ዝገት ገና ቡናማ ነው፤ በሐሰት የተፈበረከውም ብርቱካንማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይራገፋል። ስም የሚዋሽበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በጃፓን ታሪክ ከማሳሙኔ ዘመን ጀምሮ የታላላቆችን ስም በሌላ ሰው ሥራ ላይ መቅረጽ የተለመደ ነበረና፤ ደግሞም የጥንት ረዥም ሰይፎች እንዲያጥሩ ጭራቸው ሲቈረጥ ስማቸው ከጭራው ጋር የተቈረጠባቸው ብዙዎች ናቸው። ዝገት ግን ለመዋሸት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ይህ ነው፤ ጭራውን በምንም ምክንያት አትፋቁ፣ አትወልውሉ፣ በአሸዋ ወረቀት አትንኩ። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካና በአውሮጳ የነበሩ ብዙ መልካም ሰዎች ዝገቱን እንደ ቸልተኝነት ቈጥረው ጭራውን እንደ ብር አንጸባረቁት፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአራት መቶ ዓመት ምስክርነት ጠፋ።

ስለቱንም ቢሆን ያልሠለጠነ ሰው መሳል የለበትም፤ በጃፓን ሰይፍ የሚስል ሰው ሥራ ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ እርሱም ከሸካራው እስከ እጅግ ለስላሳው ድንጋይ ድረስ በተራ እያስነካ ሐሞኑንና ረቂቁን መስመር ያወጣል። ሰብሳቢው ማድረግ የሚገባው የቀድሞውን ዘይት በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ የቅርንፉድ ሽታ ያለውን የሰይፍ ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት፣ ስለቱንም በባዶ እጅ አለመንካት ብቻ ነው፤ የጣት ላብ ዝገት ያበቅላልና።

ከውጭ የሚነበበውም ብዙ ነው። በእጀታው ላይ የተንጠለጠለው ዘርፍ ማዕረግን ይናገራል፤ ቡናማና ሰማያዊ ከሆነ ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል፣ ቡናማና ቀይ ከሆነ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል፣ ወርቅ የተቀላቀለበት ከሆነ የጄኔራል ነው። በ95 ዓይነት ላይ በስለቱ የተመታው ተራ ቁጥር በሰገባው ካለው ጋር መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ ሰይፉና ሰገባው በአንድ ወቅት ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ከቻይና የሚመጡ የሐሰት ሰይፎች ሞልተዋል፤ የእነዚህም የእጀታ ጥምጥም የላላ፣ ቁጥራቸው ያልተስተካከለ፣ በስለቱ ላይ ያለው ሐሞን በአሲድ የተሣለ ነው። እውነተኛው ሐሞን በብረቱ ውስጥ ነው፤ በብርሃን ፊት ሲያዘነብሉት ይሰወራል ደግሞም ይገለጣል፤ የተሣለው ግን ከየትም ወገን ቢያዩት አንድ ዓይነት ነው።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ደርሻለሁ፤ እርሱም የሚከብደኝ ነው።

ስለ ውበት ብቻ ተናግሬ ብወርድ በእናንተም በሙታንም ፊት በደለኛ እሆን ነበር። እነዚህ ሰይፎች ለሰልፍ ብቻ የተንጠለጠሉ አልነበሩም። በ1937 ሠራዊቱ ወደ ናንኪንግ ሲገሠግሥ ሁለት መኮንኖች ማን ቀድሞ መቶ ሰው በሰይፍ ይገድላል ብለው እንደ ተወዳደሩ የቶኪዮ ጋዜጣ እንደ ጀግንነት አድርጎ አወጣው፤ ሁለቱም መኮንኖች ከጦርነቱ በኋላ በናንኪንግ ተፈርዶባቸው በ1948 ተገደሉ። በኦክቶበር 24 ቀን 1943 በኒው ጊኒ በአይታፔ የባሕር ዳርቻ ሌናርድ ሲፍሊት የተባለው የአውስትራሊያ ወታደር ዓይኑ ተሸፍኖ ተንበርክኮ፣ መኮንኑ ሰይፉን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ በኋላ ከአንድ የሞተ የጃፓን ወታደር ላይ ተገኘ። ያ ምስል የ98ቱ ዓይነት ሰይፍ በሚታይበት መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ መገኘት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሰይፉን በሚሸጥበት ጊዜ ይህን የሚሸሽግ ነጋዴና ገዝቶ በግድግዳው ላይ ሲሰቅል ይህን ማሰብ የማይፈልግ ሰብሳቢ ሁለቱም አደራቸውን በልተዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ደሙን ራሱን እንደ ዋጋ መጨመሪያ አድርጎ፣ «ይህ ሰይፍ ሰው ገድሏል» እያለ ያለ ማስረጃ የሚያወራው ነው፤ ሙታን ለገበያ ማድመቂያ አልሞቱምና።

ታዲያ ምስክርነቱ እንዴት ይጠበቃል? በመጻፍ። ብዙ መኮንኖች ሰይፋቸውን ባስረከቡ ጊዜ ምናልባት አንድ ቀን ይመለስልኛል በማለት ስማቸውንና የመንደራቸውን ስም በትንሽ እንጨት ወይም ወረቀት ላይ ጽፈው በእጀታው አስረውበት ነበር። የማረኩት ወታደሮች ጽሕፈቱን ማንበብ ስላልቻሉ፣ በኋላም ልጆቻቸው ቆሻሻ መስሏቸው፣ እነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ ተበጥሰው ተጥለዋል፤ ያልተበጠሱት ግን ለብዙ ቤተሰብ የአባታቸውን ሰይፍ መልሰዋል። ከማረከው ወታደርም ወገን ሰይፉን ወደ አገሩ ይዞ እንዲገባ ከአዛዡ የተሰጠው የፈቃድ ወረቀት አለ፤ ወታደሩም በሽምግልናው ሰይፉን የት፣ መቼ፣ ከማን እንደ ተቀበለው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ አልቀዋል ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው ሰይፉን ይሸጣሉ፤ ወረቀቱ በሌላ ሣጥን ይቀራል፤ ከሁለት ሽያጭ በኋላም ሰይፉ ስም የሌለው ብረት ይሆናል። ስለዚህ ሰይፍ ስትገዙ በመጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቁ፤ ወረቀት ከሌለ የሻጩን ቃል ጻፉ፣ ቀኑንም አክሉበት፤ የተባለውን ከተረጋገጠው ለዩ፤ ያንንም ጽሑፍ ከሰይፉ ጋር አኑሩት። እጀታውን ከሰገባው፣ ዘርፉን ከእጀታው አትለዩ፤ የተቀደደውን የቆዳ ልባስ በአዲስ አትለውጡ፤ የጦር ሰይፍ እጀታና ሰገባ የጥንቱን ስለት የሸፈነ ርካሽ ልብስ ነው ብለው ጥለው ስለቱን በእንጨት ሰገባ የሚያስቀምጡ ብዙዎች አሉ፣ እንዲህ በማድረጋቸውም የሰይፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ቀድደው ይጥሉታል።

መመለስስ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ የመቅደላን ንዋያተ ቅድሳት በልቡ የያዘ ሕዝብ ይህን ሊጠይቅ ይገባዋልና። ሰይፍ ሁሉ ይመለስ ማለት አልችልም፤ የበታች ሹሙ ሰይፍ ቢመለስ ሕጉ እንደሚያጠፋው ነግሬአችኋለሁ፤ በጦር ሜዳ ከታጠቀው መኮንን የተማረከውም ከቤተ መቅደስ ከተወሰደው ጋር አንድ አይደለም። ከቤተ መቅደስ የወጣው ግን መመለስ አለበት፤ ለዚህም ምሳሌ አለን። በደቡብ ጃፓን በካጎሺማ የሚገኘው የተሩኩኒ ቤተ መቅደስ የ13ኛው መቶ ዓመት ቀጥቃጭ የኩኒሙኔ ሥራ የሆነና የአገር ሀብት ተብሎ የተመዘገበ ሰይፍ ነበረው፤ ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው መሰብሰብ ጠፋ። በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት ይኖሩ የነበሩት ዶክተር ዋልተር ኮምፕተን፣ በዘመናቸው ከጃፓን ውጭ ከነበሩት የጃፓን ሰይፍ ሰብሳቢዎች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ፣ አንድ ሰይፍ ገዝተው ጭራውን ባዩ ጊዜ የኩኒሙኔን ስም አነበቡ፤ አጣርተውም የቤተ መቅደሱ ሰይፍ መሆኑን ዐወቁ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በ1963 ሰይፉን ያለ አንዳች ዋጋ ለተሩኩኒ መለሱት፤ ስብስባቸው ከሞቱ በኋላ በ1992 በኒው ዮርክ ለጨረታ በቀረበ ጊዜ ኩኒሙኔው ወደ ቤተ መቅደሱ ከገባ 29 ዓመት ሆኖት ነበር።